ግማሽ መርዶ

ስለዚህ ሽማግሌ ስጽፍ «እሳቸው» አልልም። አስተዳደግ አጥቼ አይደለም፤ አባቴ ዕድሜው ለገፋ ሰው ሁሉ፣ ለጎረቤታችን ሰካራም እንኳ ሳይቀር፣ አንቱ እንድል አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ከዚህኛው ጋር ግን የተነጋገርነው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። ጠላትን ለማነጋገር የተመቸ ቋንቋ ነው፤ እኔም ያንን ምቾት እዚህ አልለቀውም።

የደወለው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሥራዬ ሲያትል ኤርፖርት አጠገብ መኪናቸውን የሚያቆሙ መንገደኞችን በሚኒባስ ወደ ተርሚናሉ ማመላለስ ነው፤ የዚያን ቀን ተራዬ ከሰዓት ስለነበር ቱክዊላ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ስልኬን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። ጥቂት አዳመጠችና ስልኩን በእጇ ሸፍና፣

«አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ብራዘር እያለ ይጠራሃል። አለቃው ነበርኩ ነው የሚለው» አለችኝ።

«የለም በይው።»

«አለ ብዬዋለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ሞቷል በይው።»

«ምነው፣ ሟርተኛ» አለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ድምፁ የሚገባውን ያህል አላረጀም። የሚኖረው ቡሪየን፣ የማኅበሩ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። የምትንከባከበው ሴት ሐበሻ ናት፤ አንድ ቀን «ድሮ አንድ ኢትዮጵያዊ ወንድም ነበረን» ብሎ ስሜን ሲጠራላት፣ «እሱማ ቱክዊላ ነው ያለው፤ ሚስቱን አውቃታለሁ» ብላ ቁጥሬን ሰጠችው። በዚህ ከተማ ሐበሻ ከፖሊስ ይደበቅ ይሆናል፤ ከሐበሻ ግን አይደበቅም። አሁን የፕሮቪንሱን ታሪክ እየጻፈ እንደሆነና የእኔንም ትዝታ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ትዝታ ነው ያለው፤ ሳቄ መጣ።

ፕሮቪንስ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ማኅበሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ነው፤ ዓለምን የአባቱ ርስት ይመስል ሸንሽኖ እያንዳንዱን ቁራሽ ፕሮቪንስ ይለዋል። እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከአንድ ሌላ የካቶሊክ ሚሲዮን አጥር አጠገብ ነበር፤ ሃይማኖታችንም ከዚያው የመጣ ነው። በወጣትነቴ መነኩሴ ካልሆንኩ ብዬ አስቸገርኩ። ይሄኛው ማኅበር አገራችን ውስጥ ቤት ስላልነበረው፣ ምንኩስና ለሚፈተንበት ለተመክሮው ዓመት ወደ ደቡባዊ አፍሪካ፣ ሰዎቿ ብርድ ልብስ ተከናንበው ፈረስ ወደሚጋልቡባት አንዲት ተራራማ አገር ላኩኝ። የዚያ ፕሮቪንስ አለቃ ይህ ሰው ነበር። ከባልንጀራው ጋር በጎረምሳነታቸው በመርከብ ሄደው፣ የሥራ ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ ናቸው። አሁን ፕሮቪንሱ ሰው አልቆበት ከጎረቤቶቹ ጋር ሊቀላቀል ነው፤ ከመቀላቀሉ በፊት ታሪኩ እንዲጻፍ አዘዙ። ሲሞት ነው ሙሾ የሚወጣለት፤ የሰውም የፕሮቪንስም።

አባቴ አውቶቡስ ድረስ ሲሸኘኝ ያለኝን እዚህ ላስገባው። በሰው ፊት ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ከተጣራ እንሰቱ ሁሉ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ፤ ለፈረንጅ ግን አልሰጠሁህም» አለኝ። አፈርኩበት። ዛሬ ቢሆን ኖሮ አላፍርም።

ባለቤቴ ሂድ አለችኝ። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፤ የእኛን ነገር ስታነሳ «የእናንተ ጳጳስ» እያለች ነው የምታሾፈው። ለሽማግሌ ግን አንጀቷ አይችልም። «ታዲያ ምን ታጣለህ? ሰውዬው ዛሬ ነገ ሳይባል ይሞታል። ሄደህ ሰላም በለው» አለችኝ። እሺ አልኩ። የሄድኩት ግን ሰላም ልለው አይደለም፤ ልሰድበው ነው። ስድቡንም በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ፣ ባዶ ሚኒባስ ስነዳ ለብቻዬ ስለማመደው ከረምኩ።

ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል፤ በየደቂቃው አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ ይመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል። በሩን የከፈተችልኝ ያቺ ሐበሻ ሴት ናት፤ ጎልማሳ፣ ፈጣን፣ ለሁሉ ነገር አስተያየት ያላት። «አባ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁህ ነበር፤ ሸሚዝ ቀይሪልኝ ብለው አስቸገሩኝ» አለችኝ። ለእሷ እሳቸው ናቸው። ገባሁ። ያ በር ሲያልፍ ጎንበስ ይል የነበረ ሰው ወንበር ላይ የተረሳ ኮት መስሎ ተቀምጧል። እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። የተለማመድኩትን ስድብ ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ ራሴ ላይ እናደዳለሁ።

የጻፈውን አነበበልኝ፤ አይኑ ሲደክም እኔ ተቀብዬ አነበብኩለት። ሠራን ይላል። ከፈትን ይላል። ገነባን፣ ቆፈርን፣ አስተማርን ይላል። የትልቁን ቤተ ክርስቲያን አሠራር ሲተርክ ድንጋዮቹ በራሳቸው እግር ከወንዝ ወጥተው የተደረደሩ ነው የሚመስለው። እኔ እዚያ በነበርኩ ጊዜ ግን የሰፈሩ አሮጊቶች ወደ ማማው እየጠቆሙ፣ ያቺን ድንጋይ እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ ያቺኛዋን እህቴ ናት በአናቷ የተሸከመቻት ይሉኝ ነበር። ይሄን ስነግረው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለና ዳር ላይ ጻፈው። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል፤ የምትወረውርበትን ድንጋይ ተቀብሎ ቤት ይሠራበታል።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ስለ እኔ የተጻፈው ይህን ያህል ነው፦ «አንድ ወንድም ከኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። አባቱ ሲሞት በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ወደ አገሩ ተመለሰ።»

ሁለቴ አነበብኩት። 

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩት።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

የሆነው እንዲህ ነው። በተመክሮው ዓመት፣ ከጾሙ መግቢያ እስከ ፋሲካ ደብዳቤም ስልክም ክልክል ነበር፤ ከዓለም መለየት ነው ይሉታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የደረሰኝ የመጨረሻ ደብዳቤ የወንድሜ ነው፤ አባታችን ታሟል ይላል። በየጠዋቱ ጸሎት ቤት ስንሰበሰብ እያንዳንዳችን ድምፃችንን አሰምተን አንድ ልመና እናቀርባለን፣ ሌላው «ጌታ ሆይ ስማን» ብሎ ይመልሳል። የእኔ ልመና አንድ ብቻ ነበር፤ ስለ አባቴ ጤና። ጾሙን ሙሉ አልለወጥኩትም። አለቃው የሚቀመጠው ከኋላዬ ነው፤ ሲመልስም ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ያጽናናኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው አብሮኝ ከለመነ እግዜር እንዴት እምቢ ይላል እል ነበር።

አባቴ የሞተው ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ወንድሜ ወደ ሚሲዮኑ ሄዶ፣ የሚሲዮኑ ቄስ ለአለቃው ደውለው፣ አለቃው በጆሮው ሰምቷል። ሰምቶም በማግስቱ ከኋላዬ ተቀምጦ ስለ ሟቹ ጤና «ጌታ ሆይ ስማን» አለ። በማግስቱም። ከዚያም በኋላ።

በፋሲካ ቀን በየጣቢያው የተበተኑት ወንድሞች ሁሉ ተሰበሰቡ። የበግ ሥጋ ተበላ። አለቃው ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አደረገና ተነሣ፤ «ክርስቶስ ተነሥቷል» አለ፤ መለስን። ቀጥሎ «ዛሬ በመካከላችን ሐዘን የደረሰበት ወንድም አለ» አለ። ሁሉም ዞር ዞር አለ። እኔም ዞር ዞር አልኩ፤ ማን ይሆን ምስኪኑ ብዬ። ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። አባትህ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወደ ጌታ ሄዷል አለኝ። አንድ በአንድ እየመጡ እጄን ጨበጡኝ፤ አንዱም እንባ አላወጣም። ከዚያ ኬክ ቀረበ።

በእኛ አቆጣጠር ገና ሁዳዴ ነበር። በአገሬ ሰው እየጾመ እኔ ፋሲካ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ ኬክ ተቀምጦ፣ አፌን ከፍቼ ማልቀስ አቃተኝ። አጠገቤ የሚያለቅስ ሰው ሳይኖር እንዴት ይለቀሳል? ብዙም አልቆየሁ፤ የሰጡኝን ቀሚስ አጣጥፌ አልጋው ላይ ትቼ አገሬ ገባሁ። ለቅሶው አልፏል፤ ተዝካሩ ወጥቷል፤ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። እናቴ ቀና ብላ አይታኝ «ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?» አለችኝ። አልሰማሁም ብዬ ማልኩላት። «እሺ ልጄ» አለችኝ። ያን «እሺ ልጄ» የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አላመንኩህም ግን ልጄ ነህ ማለት ነው። አላመነችኝም፤ ሳታምነኝም ሞተች።

ይሄን ሁሉ ለሽማግሌው ተናገርኩ። ሰምቶ ሲያበቃ ሳይቆጣ፣ አስተማሪ መስሎ፣

«እኔ እኮ ጠይቄ ነው ያደረግሁት» አለኝ።

«ማንን?»

«የአገርህን ሰው። ከእናንተ አንዱን ቄስ ደውዬ ጠየቅሁ። ለኢትዮጵያዊ ብቻውን መርዶ አይነገርም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ይደበቃል አለኝ። ሰው የሚሰበሰበው በፋሲካ ነበር። ባህላችሁን አክብሬ ነው።»

 እንግሊዝኛዬ ጠፋኝ፤ መጀመሪያ በአማርኛ የወጣልኝን አልኩት፤ እዚህ አይጻፍም። መርዶን ለእኔ ሊያስተምር። እዚህ ሲያትል እንኳ እናደርገዋለን። የሐዘንተኛው ስልክ ይሰረቃል፣ ፌስቡክ ቀድሞ እንዳይነግረው። የሥራ አለቃው ይለመናል፣ ሥራ እንዳይገባ። ንጋት ላይ የዕድሩ ሰው ደረጃውን ሞልቶ ይወጣል፤ ገና በሩ ሲከፈት ሴቶቹ እሪ ይላሉ፤ ታች ያለው ጎረቤት ሰው ተገደለ ብሎ ፖሊስ ይጠራል። የሚደበቀው ለዚህ ነው፤ አብሮ የሚያለቅስ እስኪደርስ። በዚያ ላይ ቢበዛ ሌሊቷን ነው የሚደበቀው እንጂ ጾሙን ሙሉ አይደለም። ሲደበቅም ማንም ተነሥቶ ስለ ሟቹ ጤና አብሮ አይጸልይም።

«ግማሹን ነው የወሰድከው» አልኩት እንግሊዝኛዬ ሲመለስ። «መደበቁን ወሰድክ። ማልቀሱን ተውከው።»

ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

«ጻፈው» አልኩት።

«ይሄ የፕሮቪንሱ ታሪክ ነው፤ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም።»

«እኔም ፕሮቪንሱ ውስጥ ነበርኩ።»

አልጽፍም አላለም፤ እጽፋለሁም አላለም። ስለዚህ በሳምንቱ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም። የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቡሪየን ነኝ። ባለቤቴ «ፍቅረኛህ ጋ ልትሄድ ነው?» ትለኛለች። የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲፋቅና የአባቴ ሞት መደበቁ በጽሑፍ እንዲገባ። እናቴ ማየት ባትችልም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ወረቀት ላይ፣ ልጇ እንዳልሰማ ይጻፍልኝ ነው ያልኩት። እሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ያነሣል፣ እኔ ወደ ጾሙ እመልሰዋለሁ። እሱ ስለ ጉድጓዱ ውኃ ያወራል፣ እኔ ስለ ኬኩ። የውሻና የድመት ኑሮ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ ይጸልያል። አይኑን ጨፍኖ ልመናውን አንድ በአንድ ያቀርባል፤ እኔም «ጌታ ሆይ ስማን» እላለሁ። ማለት ፈልጌ አይደለም፤ አፌ ለምዶት ነው። ከልመናዎቹ አንዱ ስለ ባልንጀራው ጤና ነበር፤ አብሮት በመርከብ የሄደው፣ አልመለስም ብሎ እዚያው የቀረው። ስለ እሱ ሲያወራ ብቻ የሰው ፊት ይኖረዋል። በተራራው ወገብ ላይ ኮክ የተከለው ያ ሰው ነው፤ እኔም ከዚያ ኮክ በልቻለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ስደርስ ተንከባካቢዋ በሩ ላይ ጠብቃ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ።

«እንዳትነግራቸው» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። «ያ ጓደኛቸው አርፏል። ባለፈው ሳምንት ነው የሞተው። ኮል አድርገው ለቤቱ አለቃ ነገሩት።»

«እሱ አያውቅም?»

«አያውቁም። እሁድ ትልቅ ቅዳሴ አለ፣ ፕሮቪንሱ ሲዘጋ ምስጋና ነው፤ ከየቦታው ሰው ይመጣል። ሁሉም ሲሰበሰብ ይነገራቸው ተባለ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ልክ ነው አልኩ። ብቻቸውን እንዴት ይነገራቸዋል? እኛስ እንደዚያ አይደል የምናደርገው?»

ትቻት ገባሁ። ሽማግሌው ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጣል አድርጎ ስለ ባልንጀራው የጻፈውን ምዕራፍ ይዞ ነበር፤ ደስ ብሎታል። የኮኩን ነገር አነበበልኝ። እዚህ ጋ አሁንም በየዓመቱ እንደሚገርዘው ጨምርልኝ አለኝ፤ ጨመርኩለት። እሁድ ከቅዳሴው በኋላ ይደውሉልኛል፣ ድምፁን እሰማለሁ አለኝ።  ውስጤ ያለው ሐዘኔታ አልነበረም። ቀምሶ ይየው የሚል ነገር ነው የነበረው።

ከዚያ ጸሎቱ ደረሰ። አይኑን ጨፈነ። ስለ ቤቱ ሰዎች ለመነ፤ መለስኩ። ስለ ሰላም ለመነ፤ መለስኩ።

«ስለ ወዳጄ ጤና» አለ።

አፌ ሊከፈት ነበር። ያዝኩት። አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጸጥ አለ። ጠበቀ። ከዚያ አይኑን ገለጠ።

«ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም።»

ፊቴን አየ። ሽማግሌ ቢሆንም ሞኝ አይደለም።

«መቼ?» አለኝ።

«ባለፈው ሳምንት።»

«ቤቱ ሁሉ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ማታ ማታ ማዕድ ላይ ስለ ጤናው ስለምን…» ብሎ አቆመ። «ይመልሱልኛል» አለ። «ሁሉም ይመልሱልኛል።»

«አዎ» አልኩት። «ጮክ ብለው።»

የባልንጀራውን ምዕራፍ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ያዘነው ለባልንጀራው ብቻ እንዳልነበር ፊቱ ላይ አየሁ፤ ያን ጸሎት ቤት እያየ ነበር። ከኋላዬ ሆኖ የሚያውቀውን ቦታ አሁን ከፊት ወንበር ሆኖ አየው።

«ሌላው ግማሽ ምንድን ነው?» አለኝ በመጨረሻ። «ያልወሰድኩት።»

«ይለቀሳል።»

«እኔ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «አይቼሃለሁ።»

ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ተንከባካቢዋ ፊቴን አይታ ገባት። «አረመኔ ነህ» አለችኝ፤ «ሰው እንዴት ለሽማግሌ ብቻቸውን ሳሉ መርዶ ይነግራል?» ቤት ስገባም ሌላ ዱላ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ቀድሞ ተደውሎላት ነበር።

«ብቻውን?» አለችኝ። «ፓርክ አድርገህ፣ ገብተህ፣ ነግረኸው መጣህ?»

«እኔም የተነገረኝ ብቻዬን ነው።»

«ሰው ሰብስቦ ነው ያልከኝ።»

«እጅ የሚጨብጥ ሁሉ ሰው አይደለም።»

ልጃችን ከክፍሏ ብቅ ብላ በእንግሊዝኛዋ ምን ሆናችሁ አለች። ምንም አልናት። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሣችም። ቡሪየንም ሳልሄድ ከረምኩ።

መጽሐፉ የደረሰኝ በተንከባካቢዋ በኩል ነው። ለባለቤቴ ሰጠቻት፤ ለእኔ ሰላምታ እንኳ አልላከችም። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ተርሚናሉ ጋ ተራ ስጠብቅ ገለጥኩት። ቦታውን አጣሁት ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ወንድም ከኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። የአባቱን ሞት ደበቅነው፤ እሱ ሳያውቅ ጾሙን ሙሉ ስለ አባቱ ጤና አብረነው ጸለይን። ትቶን የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ብትኖር አማርኛ አድርጌ አነብላት ነበር። የፈለግሁት ይሄ ነበር፤ አገኘሁት፤ ሆዴ ግን አልሞላም። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን ይዛ መስታወቱን አንኳኳች፤ መጽሐፉን ከወንበሩ ሥር ወርውሬ በሩን ከፈትኩላት። «ደውልለትና አመስግነው» አለችኝ ባለቤቴ ማታ ስነግራት። «ለምኑ? እውነት ስለተናገረ?» አልኳት። አልደወልኩም። ይቅር አላልኩትም፤ አሁንም አላልኩትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሥቼ ስልኬን ባስቀመጥኩበት አጣሁት። ለጠዋት ፈረቃ ልወጣ ነው፤ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ትራሱን ገለበጥኩ፣ ጃኬቴን ፈተሽኩ። ሳሎን ስወጣ ባለቤቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። «ሥራ ደውዬ አትመጣም ብዬሃለሁ፤ ቁጭ በል» አለችኝ። ያኔ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ ብዙ እግር።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። «ወንድሜ ነው?» አልኳት። በሩ ተከፍቶ ሰዉ እየገባ ነበር፤ የዕድሩ ሽማግሌ፣ የባለቤቴ ጓደኞች፣ ከዋይት ሴንተር የመጡ ባልና ሚስት፣ ከሁሉ ኋላ ተንከባካቢዋ፣ አይኗ ቀልቶ።

«ወንድምዎ አይደለም» አለኝ የዕድሩ ሽማግሌ፤ ከእኔ በዕድሜ እየበለጠ አንቱ የሚለኝ ትሑት ሰው ነው። «አባ አርፈዋል። ያሳደጉዎት አባት ናቸው አሉን።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው እንቅልፉን ትቶ፣ ሥራውን አስፈቅዶ፣ ለእሱ? ያሳደጉኝ ያለው ማነው? ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። አይኗን አልሰበረችም። አጠገቤ ተቀመጠች፣ አንገቴን አቀፈች፣ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«እሱን ተወው» አለችኝ። «አባትህን አልቅሰው። ሰው መጥቶልሃል።»

እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። የአባቴን የቤት ስም ጠራሁ፣ ከአጥር ውጭ ሆኖ ይጣራበት በነበረው ድምፅ። ሴቶቹ ስሙን ከአፌ ተቀበሉኝ፤ እሪ አሉለት፤ ተንከባካቢዋ ደረቷን መታች። የተጠራው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከባለቤቴ በቀር አልነበረም። ልጃችን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ የአያቷን ስም በዚያ ድምፅ ሰምታው አታውቅም። የታችኛው ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ ማንም አልሰማውም።

ስንደክም የዕድሩ ሽማግሌ ተነሣ። የጠራሁት ስም የሟቹ የአባ ስም መስሎታል። የአባቴን ስም አስተካክሎ፣ በክብር ጠርቶ፣ «ነፍሳቸውን ይማር» አለ።

አላረምኩትም። ሁሉም «አሜን» አሉ፤ እኔም መለስኩ።